የእንግሊዝኛ ዘይቤ በአራዳ ሰው ጆሮ

፩. መግቢያ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የተማረ ሰው ሁሉ «ፊገርስ ኦቭ ስፒች» የተባለውን ክፍል ሳያገኘው አያልፍም። ትምህርቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በአንድ ዐይነት መንገድ ነው። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ የዘይቤዎቹን ስም ከላይ ወደ ታች ይጽፋል፤ በስሞቹ አንጻር ትርጓሜያቸውን፣ በትርጓሜውም አንጻር አንድ አንድ ምሳሌ ያሰፍራል። ተማሪው ይገለብጣል፤ ያጠናል፤ በፈተና ቀን ያንኑ ምሳሌ ያገኘ እንደ ሆነ ስሙን ይጽፋል። ምሳሌው ተለውጦ የመጣ ጊዜ ግን ብዕሩ ይቆማል። እኔ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ዝርዝሩ ዐሥራ ሁለት ስሞች ነበሩት። ከክፍላችን ልጆች ብዙዎቹ ዐሥራ ሁለቱንም በቃላቸው ይወጡት ነበር፤ ነገር ግን ከእንግሊዝኛ ጋዜጣ አንድ ዐምድ ተሰጥቷቸው በውስጡ ያለውን ዘይቤ እንዲያወጡ ሲጠየቁ ከሁለትና ከሦስት የሚያልፉት ጥቂቶች ነበሩ።

የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ፣ ጉድለቱ ከተማሪው አእምሮ ሳይሆን ከትምህርቱ አቀራረብ የመጣ ነው የሚል ነው። ዘይቤ በስም ዝርዝር አይታወቅም፤ ቃሉ ከመደበኛ ቦታው ተነሥቶ የት እንደ ሄደና በምን መንገድ እንደ ሄደ በመመርመር ይታወቃል እንጂ። ይህንንም ምርመራ የአዲስ አበባ ሰው፣ ይልቁንም የአራዳና የፒያሳ ሰው፣ ሳይታወቀው ቀኑን ሙሉ ሲሠራው ይውላል። ስለዚህ ተማሪው አስቀድሞ በገዛ ከተማው አነጋገር ቢለማመድ የእንግሊዝኛው ዘይቤ አይሰወርበትም። ነገሩ ደግሞ የፈተና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለምሳሌ የማቀርባቸው ስሞች ከተወለዱባቸው ቦታዎች አንዳንዶቹ በቅርብ ጊዜ ስለ ፈረሱ፣ ዘይቤውን የሚያስረዳው ሰውና ሥፍራ ሳይጠፋ መመርመሩ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

፪. አንድ ስም፣ ብዙ መንገድ

ከአራዳ እምብርት እንነሣ። የሚከተሉትን አምስት ንግግሮች በአንድ ቀን መስማት ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር አይሆንም። «ጊዮርጊስን ተሳልሜ መጣሁ።» «ጊዮርጊስ ጋ ወራጅ አለ።» «ገንዘብህን ለጊዮርጊስ እከፍልሃለሁ።» «እስቲ ሁለት ጊዮርጊስ አምጪልን።» «ጊዮርጊስ ሁለት ለባዶ አሸነፈ።»

በመጀመሪያው ንግግር ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በሁለተኛው የታክሲ መውረጃ፣ በሦስተኛው ወር በገባ በ23ኛው ቀን የሚውል በዓል፣ በአራተኛው ጠርሙስ ቢራ፣ በአምስተኛው የእግር ኳስ ክለብ ነው። ከአምስቱ በአንዱም ንግግር ውስጥ ቅዱሱ ራሱ አልተነገረም። ይሁን እንጂ ወያላው ሰውየውን ወደ መጠጥ ቤት አይወስደውም፤ አስተናጋጇም ቤተ ክርስቲያኑን ለማምጣት አትሄድም። ሰሚው ሁሉ ያለ መምህር ይለያል። በምን ለየ?

የለየው በግሡ ነው። «ተሳለምሁ» የሚለው ግሥ ቢራን አይቀበልም፤ «አምጪልን» የሚለውም ቤተ ክርስቲያንን አይቀበልም፤ «አሸነፈ» የሚለው የታክሲ መውረጃን አይቀበልም። ቃሉ ከግሡ ጋር ሳይገጥም ሲቀር የሰሚው ልቡና ቆም ይልና ከቃሉ አጠገብ ያለውን ሌላ ነገር ይፈልጋል። ያገኘውም እንደ ሆነ ነገሩ ይገጥማል። የዘይቤ መታወቂያ የመጀመሪያው ምልክት ይህ አለመግጠም ነው።

ቀጥሎ የሚጠየቀው፣ ስሙ ከቅዱሱ ወደ እነዚህ ሁሉ እንዴት ተሻገረ የሚለው ነው። የዓድዋ ጦርነት ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት ስለ ነበረ፣ ዛሬ በአራዳ የሚታየው ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን የዚያ ድል መታሰቢያ ሆኖ ተሠራ። ከቅዱሱ ስሙ ወደ ዕለቱና ወደ ሕንፃው፣ ከሕንፃው ወደ አካባቢው፣ ከአካባቢውም ወደ ታክሲው መውረጃ ተላለፈ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1922 የተቋቋመው የቢራ ፋብሪካ በቅዱሱ ስም ተጠራ፤ ከፋብሪካውም ስሙ ወደ ጠርሙሱ ወረደ። በ1928 ዓ.ም. በአራዳ የተመሠረተው የእግር ኳስ ክለብም ይህንኑ ስም ያዘ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ቅዱሱን በመልክ ወይም በጠባይ የሚመስል አንድ ነገር የለም። ቢራው ቅዱሱን አይመስልም፤ ክለቡም ሕንፃውን አይመስልም። ያገናኛቸው መመሳሰል ሳይሆን ጉርብትና ነው። አንዱ ከሌላው አጠገብ ስለ ቆመ፣ ወይም ከሌላው ስለ ወጣ፣ ስሙን ተዋሰ።

እንግሊዞች ይህን ሜቶኒሚ ይሉታል፤ እኔ በዚህ ጽሑፍ «የጎረቤት ስም» እለዋለሁ። የእንግሊዝን መንግሥት «ዘ ክራውን»፣ ማለት ዘውዱ፣ ብለው ሲጠሩት፣ ጋዜጠኞችን ሁሉ በማተሚያው መኪና ስም «ዘ ፕሬስ» ሲሉ፣ በውስጡ ያለው ውሃ ሲፈላ ማንቈርቈሪያው ፈላ ሲሉ፣ መንገዱ የጊዮርጊስ መንገድ ነው። የእኛም እናት «ድስቱ ገነፈለ» ስትል የገነፈለው ወጡ እንጂ ድስቱ እንዳልሆነ ልጇ ያውቃል። በዛሬው የፖለቲካ ወሬ «አራት ኪሎ ገባ» ማለት ሥልጣን ያዘ ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ተማሪ፣ የለንደን ሰው «ዋይትሆል» ብሎ ጐዳናውን ሲጠራ የመንግሥቱን መሥሪያ ቤቶች ማለቱ እንደ ሆነ ለመረዳት መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልገውም።

፫. መመሳሰልና ጉርብትና

ተማሪን በፈተና ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው ሜታፎርንና ሜቶኒሚን መለየት ነው። ለዚህ ከአንበሳ የተሻለ መምህር አላገኘሁም። «አንበሳ ጫካ ውስጥ አገሣ» ቢባል አውሬው ነው፤ ዘይቤ የለበትም። «ልጁ አንበሳ ነው» ቢባል ግን ልጁ ጅራትና ጋማ የለውም፤ ከአንበሳ ጋር የሚያገናኘው ድፍረቱ፣ ማለት መመሳሰል ስለ ሆነ ነገሩ ሜታፎር ነው። «አንበሳ መጣ፤ ቶሎ እንሳፈር» ቢባል ደግሞ የመጣው የከተማው አውቶቡስ ነው፤ ሰውም ከርሱ በመሸሽ ፈንታ ወደርሱ ይሮጣል። አውቶቡሱ በድፍረትም ሆነ በግርማ አንበሳን ስለሚመስል አይደለም እንዲህ የተባለው፤ የድርጅቱ ስም አንበሳ ስለ ሆነ ብቻ ነው። ይህ የጎረቤት ስም ነው። ሦስቱን አንበሶች ለይቶ ያወቀ ተማሪ ሁለቱን ዘይቤዎች አያደባልቅም።

ሲሚሊና ሜታፎርም በእኛ የሰው ስሞች ይለያሉ። ወላጆች ልጃቸውን «ወርቅነሽ» ይሏታል፤ «እንደ ወርቅ ነሽ» ብሎ ስም ያወጣ ግን አልተሰማም። «እንደ» የሚለው ቃል ሲኖር ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን ቆመው ይመዘናሉ፤ ሲሚሊ ነው። «እንደ» ሲወጣ አንዱ ሌላውን ሆኖ ይቀርባል፤ ሜታፎር ነው። የወላጅ ፍቅር መመዘንን ስላልወደደ ሁለተኛውን መረጠ።

ከጎረቤት ስም ጋር የሚቀራረበው ሲኔክዶኪ የሚባለው ሲሆን፣ በክፍሉ ሙሉውን ወይም በሙሉው ክፍሉን መጥራት ነው። እንጀራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መጣ የተባለ ሰው ጤፍ ብቻ ሊበላ አልመጣም፤ እንጀራ የኑሮው አንድ ክፍል ሆኖ ኑሮውን ሁሉ ወክሏል። እንግሊዞችም ቤተሰቡን የሚያስተዳድረውን ሰው በዳቦ ስም «ብሬድዊነር» ይሉታል። የፒያሳ ስም ራሱ እንዲህ ያለ ታሪክ አለው። ቃሉ በኢጣልያንኛ ማንኛውም አደባባይ ማለት ነው። በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ወደ ከተማችን ገባ፤ መጀመሪያ የአንድ አደባባይ መጠሪያ ሆኖ ኋላ በዙሪያው ያለውን ሰፈር ሁሉ ዋጠ። በዚያው ዘመን ኢጣልያኖች በጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩትና በቋንቋቸው ገበያ ማለት የሆነው «መርካቶ» የአንድ ቦታ የተጸውዖ ስም ሆነ። ስለዚህ «የመርካቶ ገበያ» የሚል ሰው ሳያውቀው «የገበያ ገበያ» ይላል።

የተገላቢጦሹም መንገድ አለ። የአንድ ፋብሪካ ስም የዕቃው ሁሉ ስም ይሆናል። ከሱቅ «ሃይላንድ ስጠኝ» ያለ ሰው በሌላ ፋብሪካ የታሸገ ውሃ ቢሰጠው አይቈጣም፤ «ኦሞ» ያለችም ሴት የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ካገኘች ምልክቱን አትመረምርም።

እንግዲህ ከነዚህ ሁሉ ሦስት ጥያቄዎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ያልገጠመው ቃል የትኛው ነው? ሁለተኛ፣ ቃሉንና የተባለውን ነገር ያገናኛቸው ምንድን ነው፤ መመሳሰል ነው፣ ጉርብትና ነው፣ ክፍልና ሙሉ መሆን ነው፣ ተቃራኒነት ነው፣ ወይስ ማጋነን? ሦስተኛ፣ ተናጋሪው በቀጥታው ቃል በመናገር ፈንታ በዚህ መንገድ መሄዱ ምን ጠቀመው? ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያገኘ ተማሪ የዘይቤውን ስም ቢረሳ እንኳ ዘይቤውን አውቆታል፤ ስሙን የሸመደደ ግን መልሱን ካላገኘ አላወቀውም። የቋንቋ ሊቁ ሮማን ያኮብሰን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1956 ባወጣው ጽሑፍ የዘይቤን ብዛት ወደ ሁለት ታላላቅ መንገዶች፣ ወደ መመሳሰልና ወደ ጉርብትና፣ መመለሱ በእኔ አስተያየት ለትምህርት ቤቶቻችን ከዐሥራ ሁለቱ ስሞች ይልቅ ይጠቅማል።

፬. አንድ አካል፣ ሁለት አገር

እስካሁን የሁለቱ ቋንቋዎች መንገድ አንድ መሆኑን አሳየን። ነገር ግን መንገዱ አንድ ቢሆንም መድረሻው የሚለያይበት ጊዜ አለ። ተማሪውን የሚጥለውም ጉድጓድ እዚህ ላይ ነው፤ ቃል በቃል ተርጕሞ ያወቀ ይመስለዋልና።

ልብን እንውሰድ። እንግሊዛዊው «ሃርትለስ» ሲል ጨካኝ ማለቱ ነው። ቃሉ በቃሉ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ልበ ቢስ» ይሆናል፤ በአማርኛ ልበ ቢስ ግን የሚረሳ፣ ነገር የማያስተውል ሰው እንጂ ጨካኝ አይደለም። ምክንያቱም በእንግሊዝኛ ልብ የርኅራኄ ማደሪያ ሲሆን በአማርኛ ይበልጡን የማስተዋል ማደሪያ ነው፤ አንባቢን «ልብ በል» የምንለው ስለዚህ ነው። ርኅራኄ በእኛ ዘንድ ወደ ታች ወርዶ በሆድና በአንጀት ይኖራል። የምናዝንለት ሰው አንጀታችንን ይበላዋል፤ የናፈቀን ሰው ስሙ ሲነሣ ሆዳችን ይባባል። ሆኖም እንግሊዞችም በጥንት ጊዜ ልብን የማስታወስ ቦታ አድርገው እንደ ነበረ የሚመሰክር አንድ ቅሪት በቋንቋቸው አለ። በቃል መያዝን እስከ ዛሬ ድረስ «ባይ ሃርት» ይሉታል።

እጅም እንዲሁ ነው። እንግሊዛዊው አሠሪ እጅ አጠረኝ ለማለት «ሾርትሃንድድ» ሲል ሠራተኛ ጐደለኝ ማለቱ ነው፤ እጅ የሠራተኛው ክፍል ሆኖ ሠራተኛውን ሁሉ ወክሏል። የአራዳው ነጋዴ «እጅ አጠረኝ» ሲል ግን ገንዘብ ጐደለኝ ማለቱ ነው፤ እጅ የሚይዘውን ተክቷል። አንደኛው የክፍል ስም፣ ሁለተኛው የጎረቤት ስም ነው። እንግሊዞች ደግሞ ሕግ ወንጀለኛውን የትም ቢሄድ እንደሚደርስበት ለመናገር ለሕግ ረጅም ክንድ ይሰጡታል። ይህን አንድ ተማሪ «እጀ ረጅም ሕግ» ብሎ ቢመልሰው ፖሊሱንና ሌባውን አቀያየራቸው ማለት ነው፤ በእኛ አነጋገር እጀ ረጅም የሚባለው የሰው ዕቃ የሚያነሣ ሰው ነውና።

መብላትም የሚያሳስት ቃል ነው። በአማርኛ «ቃሉን በላ» የተባለ ሰው ተስፋ ሰጥቶ ያልፈጸመ ነው። በእንግሊዝኛ ቃሉን የበላ ሰው ግን የተናገረው ሐሰት ሆኖ ስለ ተገኘ በኀፍረት የመለሰ ነው። የፊተኛው ነቀፋ የሚገባው ሲሆን፣ የኋለኛው ዘግይቶም ቢሆን እውነትን ተቀብሏል። ሁለቱም ሜታፎር ናቸው፤ ሁለቱም ቃልን እንደ ምግብ ያያሉ። በፈተና ወረቀት ላይ «ሜታፎር» ብሎ የጻፈ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ ነገር ግን የተነገረውን ገልብጦ ሊረዳው ይችላል። የስም ዝርዝር ትምህርት ከባዱ ጉድለት ይህ ነው። ስሙን ያወቀ ሁሉ ዐሳቡን እንዳወቀ ይቈጥረዋል።

ማጋነንንም በዚሁ ዐይን እንየው። ባለቤቲቱ እንግዳዋን «አፈር ስሆን ብላ» ስትለው ሞቷን እየተመኘች አይደለም፤ ቃሉ በብዙ አፍ ስለ ተመላለሰ መቃብሩ ከውስጡ ጠፍቶ ልመናው ብቻ ቀርቷል። ይህን ለፈረንጅ እንግዳ ቃል በቃል ብንተረጕምለት ጉርሻው በጕሮሮው ይቀራል። ሌኮፍና ጆንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1980 ባሳተሙት መጽሐፍ ዘይቤ የባለቅኔ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የዕለት ንግግርና ዐሳብ ሁሉ የቆመበት እንደ ሆነ አስረድተዋል። የአራዳ ሰው ይህን ለማመን መጽሐፉን መጠበቅ አያስፈልገውም ነበር።

፭. ሰምና ወርቅ ሜታፎር ነውን?

አንዳንድ መምህራን የእንግሊዝኛውን ዘይቤ ለማስረዳት ሲሉ «ሜታፎር ማለት የእኛ ሰምና ወርቅ ነው» ብለው ያልፋሉ። ዐሳቡ መልካም ነው፤ ከአገር ውስጥ መነሣቱም ያስመሰግናል፤ ነገር ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ያደርጋል። የቅኔ መምህራን ራሳቸው ይለያዩአቸዋልና።

በጠባቡ ትርጓሜ ሰምና ወርቅ የሚባለው ሰሙና ወርቁ ሁለቱም በግልጥ ተነግረው ጎን ለጎን የሚሄዱበት ነው። «ፋኖስ መምህር ጨለማ ድንቍርናን አባረረ» ብንል፣ ሰሙ «ፋኖስ ጨለማን አባረረ»፣ ወርቁ «መምህር ድንቍርናን አባረረ» ነው። ይህ ከእንግሊዝኛው ሜታፎር ጋር በእውነት ይገናኛል። ሁለተኛው ኅብር የሚባለው ሲሆን፣ አንዱ ቃል ሳይለወጥ ሁለት ፍች ይሰጣል። የታክሲ ተራ አስከባሪ «እኔ ተራ ሰው አይደለሁም፤ የተራ ሰው ነኝ» ቢል የመጀመሪያው «ተራ» ዝቅተኛ፣ ሁለተኛው የተሽከርካሪዎቹ ወረፋ ነው። በዚህ ውስጥ መመሳሰል የለም፤ የድምፅ መገጣጠም ብቻ ነው። እንግሊዞች ይህን «ፐን» ይሉታል እንጂ ሜታፎር አይሉትም። ሦስተኛው ውስጠ ወይራ ሲሆን፣ ንግግሩ በላዩ አንድ ነገር ብቻ የሚናገር መስሎ ቍልፉ ያለው በሰሚው እጅ ነው። ነገሩን የማያውቅ ሰው ሰምቶት ምንም ሳይጠረጥር ይሄዳል። ይህ በእንግሊዝኛ ወደ ስውር ነቀፋና ወደ አይረኒ ይጠጋል። ስለዚህ «ሰምና ወርቅ ሜታፎር ነው» ብሎ የተማረ ልጅ በእንግሊዝኛ ጋዜጣ ርእስ ላይ ፐን ያገኘ ጊዜ ሜታፎር ብሎ ይጽፋል፤ ቢሳሳትም የሚወቀሰው እርሱ አይደለም።

አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1965 ባሳተመውና በዚሁ በሰምና ወርቅ ስም በጠራው መጽሐፍ፣ ሰምና ወርቅን ከቅኔ አውጥቶ የአማራ አነጋገርና ጠባይ መግለጫ አድርጎታል፤ ድርብ ንግግርም ዐሳብን ለመሰወር ምን ያህል እንደሚያገለግል አሳይቷል። ለውስጠ ወይራ ይህ እውነት ነው። ለከተማው ንግግር ሁሉ ግን አይበቃም። «ሁለት ጊዮርጊስ» ያለ ሰው ምንም አልሰወረም፤ አሳጠረ እንጂ። «ውይይት» የተባለችውን ትንሽ ታክሲ ተሳፋሪዎቿ ፊት ለፊት ተያይተው ስለሚቀመጡ በዚህ ስም የጠራት ሰውም በሁለት ቃል የሚገለጠውን በአንድ ቃል አስቆ ነገረን። በአራዳ አነጋገር ውስጥ ዘይቤ ከመሰወር ይልቅ ለማሳጠርና ለመሣቅ ይሠራል፤ የሚሰውረውም ከእንግዳ ብቻ ነው።

፮. ቤቱ ሲፈርስ ስሙ ወዴት ይሄዳል?

«አራዳ» መጀመሪያ የቦታ ስም ነበር። ዛሬ ግን ከዚያ ሰፈር ጨርሶ ያልተወለደ ሰው ነቄና ብልኅ ከሆነ «አራዳ ነው» ይባላል። ስሙ ከቦታው ወደ ሰዎቹ፣ ከሰዎቹም ወደ ጠባያቸው ተሻገረ፤ ከዚያም ቦታውን ትቶ በየከተማው ዞረ። ጐረቤቱ ውቤ በረሃም እንዲሁ ነው። ደጃዝማች ውቤ ሰው ነበሩ፤ «በረሃ» ግን ዘይቤ ነው። በአማርኛ በረሃ ገባ የሚባለው ከሕግና ከዘመድ የራቀ ሰው ስለ ሆነ፣ የመጠጥና የጭፈራ ቤት የበዛበትን የከተማ ሰፈር በረሃ ማለት፣ እዚያ የገባ ሰው ለቤቱ ጠፍቷል ማለት ነው። የዚያ የሌሊት ጭፈራ ዘመን ካለፈ ቈይቷል፤ ስሙ ግን ቀልዱን እንደ ያዘ አለ። «እሪ በከንቱ» የተባለው ሰፈር ስም ደግሞ ከአንድ ቃል አልፎ ሙሉ አቤቱታ ነው፤ ጮኾ ሰሚ ያጣ ሰው ድምፁ በቦታው ቀርቶ ስም ሆነ።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት የፒያሳ ብዙ ክፍል፣ ዶሮ ማነቂያም ጭምር፣ ፈረሰ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሄዱ። ማፍረሱ ይገባ ነበር ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። የቋንቋ ተማሪ የሚጠይቀው ሌላ ነው። የስሙ ምክንያት የነበረው ቦታ ሲጠፋ ስሙ ምን ይሆናል?

የለንደን ታሪክ መልስ ይሰጠናል። በዚያች ከተማ ግራብ ስትሪት የሚባል መንገድ ነበረ፤ ድኾች ደራስያን ለዕለት እንጀራ የሚጽፉበት ነበርና ስሙ የርካሽ ጽሑፍ ስም ሆነ። ስለ አቢሲኒያ ልዑል ስለ ራሴላስ የጻፈው ሳሙኤል ጆንሰን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ይህን ስም ሲፈታ በዚያ መንገድ ከሚኖሩት መካከል መዝገበ ቃላት ጻፊዎችን ቈጠረ፤ በራሱም ላይ ቀለደ። መንገዱ በ1830 ሚልተን ስትሪት ተባለ፤ ዘይቤው ግን ያለ መንገዱ እስከ ዛሬ ይኖራል። ፍሊት ስትሪትም የጋዜጣ ሁሉ ስም ነበረ፤ ጋዜጦቹ ከ1980ዎቹ ጀምረው ለቀው ሲሄዱ ስሙ አብሯቸው አልሄደም፤ አሁንም ጋዜጣ ማለት ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን «ቤድላም» የሚለው ቃል ነው። ዛሬ በእንግሊዝኛ ሁካታ ማለት ነው፤ አመጣጡ ግን በ1247 በለንደን ከተመሠረተውና ኋላ የአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ ከሆነው የቤተ ልሔም ቤት ነው። በእኛ አገር ቤተ ልሔም ከቤተ መቅደሱ አጠገብ የቍርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅበት ጸጥተኛ ቤት ነው። አንዱ ስም በአንዱ አገር የኅብስት፣ በሌላው አገር የጩኸት ቤት ሆነ። የመጀመሪያውን ቤት ታሪክ የማያውቅ እንግሊዛዊ ዛሬ ቃሉን ሲናገር ዘይቤ መናገሩን እንኳ አያውቅም።

እንግዲህ ስሙ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ዘይቤነቱ ነው። ቃሉ ይኖራል፤ ከየት እንደ ተሻገረ የሚያሳየው ድልድይ ይፈርሳል። በፒያሳ ወርቅ ቤቶች ደንበኛ የሆነ ሰው የወርቅ ሠሪን ጥበብ ቢጠይቅ ነገሩ ይገባዋል። ሠሪው አስቀድሞ ጌጡን በሰም ይቀርጻል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ሥፍራ ወርቁ ይፈስሳል። ወርቁ የሰሙን መልክ ይይዛል፤ ሰሙ ግን ተመልሶ አይገኝም። የሰሙን መልክ ማወቅ የሚቻለው ሳይቀልጥ ያየው ሰው ካለ ነው።

በአንጻሩም አዳዲስ ስሞች ይወለዳሉ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። ዓድዋ መጀመሪያ በትግራይ ያለች ከተማ ናት፤ ከዚያ ጦርነቱ፣ ከጦርነቱም ድሉ ዓድዋ ተባለ፤ አሁን ደግሞ ሕንፃው። በፒያሳ «ዓድዋ ጋ ጠብቀኝ» ያለ ሰው ባልንጀራውን ወደ ሰሜን አይልከውም። አንዱ ሜቶኒሚ ሲያረጅ ሌላው በአጠገቡ ሲበቅል በዐይን ማየት ለዘይቤ ተማሪ የማይገኝ ዕድል ነው።

፯. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተባለው ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው የትምህርት ነው። የእንግሊዝኛ መምህራን ዘይቤን ሲያስተምሩ ከስም ዝርዝሩ በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች ቢያስቀድሙ፣ ምሳሌውንም ከታክሲው፣ ከሱቁና ከሰፈሩ ስም ቢጀምሩ፣ ከዚያ በኋላ የሁለቱን ቋንቋዎች ልዩነት በልብ፣ በእጅና በመብላት ቢያሳዩ፣ ተማሪው የሚያገኘው ከነጥብ በላይ ይሆናል። ሰምና ወርቅንም ከሜታፎር ጋር ከማጋባታቸው በፊት ኅብርንና ውስጠ ወይራን ለይተው ቢያቀርቡ ለእንግሊዝኛውም ለአማርኛውም ይበጃል።

ሁለተኛው የምርምር ነው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጃችን በ1943 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረባት አራት ኪሎ ከአራዳ በእግር የምትደረስ ናት። ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል። ከፈረሱት ሰፈሮች የወጡ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ዛሬ በልዩ ልዩ የከተማው ዳርቻ ይኖራሉ። እያንዳንዱ ተማሪ ከነርሱ ወደ አንዱ ሄዶ «የሰፈራችሁ ስም ማን ነበረ፤ ስለ ምን እንዲያ ተባለ፤ ማንስ ሲለው ሰማችሁ?» ብሎ ጠይቆ የነገሩትን በነገሩት ቃል ቢጽፍ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በየትም የማይገኝ መዝገብ ይኖረናል። ሽማግሌዎቹ እያሉ ይጠየቁ።